ዓይን የሌላት ወፍ

ከደንበጫ ወረድ ብሎ፣ ከተምጫ ወንዝ ማዶ፣
አፈሩ የሚጠቁርበት አንድ ጉድባ አለ፤
በክረምት እግር የሚያስት፣ በበጋ የቆሰለ።
እናቴ ከዚያ ትቆፍራለች፣
ጎህ ሳይቀድ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ እሷው ለብቻዋ፣
አህያ የለንም፤ የሚሸከመው ጀርባዋ።

ጠጅቱ ነው ስሟ። ማንም አይጠራውም።
"ያቺ ጭቃ ረጋጭ" ናት፤ ልጅ አዝለው ሲያልፉም
ነጠላቸውን ጎትተው ፊቱን ይሸፍናሉ፣
"ዓይኗ ይበላል" ይላሉ።
ቅዳሜ ገበያ ግን እንስራዋን በጣት መትተው፣
እንደ ከበሮ ጆሮ ሰጥተው፣
አምስት ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ፤
በእንስራዋ ይቀዳሉ፣
በጋኗ ጠላ ጠንስሰው ማኅበር ይጠጣሉ።
እጇን ይፈልጋሉ፤
ዓይኗን ይፈራሉ።

ማታ ከጋኑ የተረፈ ጭቃ መዳፏ ላይ ሲቀር
አትጥለውም።
እንደ ጫጩት ታሞቀዋለች፣
አንገት ትስብለታለች፣
በአገዳ ስንጣሪ ክንፍ ትጭርበታለች፣
ምንቃሩን በጥፍሯ ቆንጥጣ ታሾላለች።
ወፍ ትሆናለች።
ዓይን ግን የላትም።
"እማ፣ ዓይኗስ?" እላለሁ።
"ትተኛ" ትለኛለች።
ሌላ ቀን ብጠይቃት፣ "እሳት ያወጣላታል።"
ሌላ ቀን ብጠይቃት፣ ዝም።

ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፤ ገል ይፈጭለታል።
የነወርቅያንሱ ጋን፣ በሠርጉ ማግሥት የነቃ፣
የመሪጌታ ስሜነህ ማድጋ፣ ዕድሜው ያበቃ፣
እኔ ከምንጭ ስመለስ የጣልኩት እንስራ፣
የተመታሁበትም፣ ያለቀስኩበትም፣
ሁሉም ደቅቆ ይገባል ከወፏ ሆድ ዕቃ።
ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤
ይቺ ግን አገሯን ውጣ ነው ዝም ያለች።
ከክንፏ ሥር በስንደዶ ጠባብ ቀዳዳ አላት፤
"ትንፋሹ የታፈነ፣ እሳት ላይ ይፈነዳል" ትላለች እናቴ፣
ኩበቱን እየደረደረች።
ትንሽ ቆይታ፣ "ሰውም ቢሆን።"

ከባሕር ዳር አንድ ሰው መጣ፣ ደብተር የያዘ፣
ጫማው በጭቃችን የተያዘ።
"እርግብ ናት?" አለ፤ "ለኖኅ ቅጠል ያመጣችው?
ወይስ ቁራው ነው፣ ተልኮ የቀረ?
ነፍስ ትሆን፣ ከሥጋ የተለየች? ሰላም ትሆን?"
እያለ ጫረ፣ እያለ ጫረ።
እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤
"ጭቃ ተርፎኝ ነው" አለች።

በጥር ወር ሄጄ አየኋት።
አዳራሽ ውስጥ ናት፣ በመስታወት ተከባ፣
መብራት ከላይ እየወረደባት፣ እንደ ሙሽራ ተውባ።
ከሥሯ ወረቀት፦
"እርግብ። የሰላም ምልክት። ሠሪዋ ያልታወቀች።"
ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት፤
ስሟን የማይጠራው ሰፈር እስከዚህ ድረስ ሰፍቷል ማለት ነው።
ልጆች ግን መጡ፣ በሰልፍ፣ ዩኒፎርም የለበሱ፣
አፍንጫቸውን ከመስታወቱ ላይ እየደፈጠጡ፣
እያዩ፣ እየሳቁ፣ ትንፋሻቸው እንደ ጉም እስኪያለብሳት፤
ማንም እናት ነጠላ አልጎተተ፣
ማንም "ዞር በል" አላለ።

ነገርኳት። ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችኝም።
"ልጆቹ ፊታቸውን ሸፈኑ?" አለች።
"አልሸፈኑም።"
"ቀዳዳዋስ? ወዴት ነው ያዞሯት?"
"ወደ ግድግዳ።"
"አይ" አለች፣ እንደ ሳቀ ሰው፣ እንደ ተከፋም።

በማግሥቱ ለእሳት ስትደረድር፣ ከኩበቱ ዳር፣
አንዲት ወፍ አየሁ፣
በወስፌ ጫፍ የተነካች፣
በግራ በኩል፣ አንድ ብቻ፣ ገና ያልደረቀ።
ወደ እኔ ዞራ ነበር።
እጄ ሳላዘው
ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳበ።
እናቴ አየችኝ።
ገለባውን ከወፏ ላይ አለበሰችና
ክብሪቱን ጫረች።